ሜሪ ቢል፦ በአንድ ዓመት 83 የቁም ሥዕል እንዴት ይወጣል?

ሸራ_ወጣሪ

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ስለ ሴት የቁም ሥዕል ሠዓሊዎች በተነሳ ቁጥር ስማቸው የሚጠራው የማሪ አንቷኔት ሠዓሊ ቪዤ ለብረንና በስፔን ቤተ መንግሥት የኖረችው ጣሊያናዊት ሶፎኒዝባ አንጉዊሶላ ናቸው። ሁለቱም ከኋላቸው ንግሥት ነበረች። እኔ ማንሳት የፈለግሁት ደግሞ ንግሥት ያልነበራትን ነው፤ እንግሊዛዊቷን ሜሪ ቢልን።

በአጭሩ ለማስተዋወቅ፣ በ1633 ሰፎክ ውስጥ ባሮው በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ ጆን ክራዶክ ፒዩሪታን (ጥብቅ ፕሮቴስታንት) ቄስ ሲሆን በትርፍ ጊዜው ይሥል ነበር። በ1652፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ ቻርልስ ቢልን አገባች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሳደገች፤ በርተሎሜውና ቻርልስ። በ1670 ለንደን ፓል ማል ላይ ስቱዲዮዋን ከፈተች፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በዋናነት የኖረው በእሷ ብሩሽ ነው። በ1699 አረፈች።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በ1677 ዓመት 83 ትእዛዝ ተቀብላ 429 ፓውንድ አግኝታለች። የዘይት ቀለም እንኳን ሊያልቅ፣ አንዱ ድርብ ደርቆ ሌላው እስኪደረብ ቀናት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ሥራ እንዴት ወጣ? የምታውቁ በዝርዝር አስረዱን።

የድሮ_ደብተር

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከቁጥሩ እንነሳ።

እሑድ አይሠራም፤ ቤቱ የጸሎት ቤት ነው። በዓላትን ባንቆጥር እንኳ በዓመት 312 የሥራ ቀን ያህል ይቀራል። 312ን ለ83 ብናካፍል ለአንድ ሥዕል አራት ቀን አይሞላም። አንድ ሰው ለመሣል ሦስት ጊዜ ፊቷ ተቀመጠ ብንል በዓመት 249 መቀመጥ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው «አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው» ሊሆን አይችልም። ብዙ ሸራ ጎን ለጎን ነበር የሚሄደው፤ የዛሬው ሰውዬ ድርብ እየደረቀ የነገዋ እመቤት ትቀመጣለች።

ዋጋው የታወቀ ነው። ራስና ትከሻ 5 ፓውንድ፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰው 10 ፓውንድ። 83 ሲባዛ በ5፣ 415 ይመጣል። ከ429 ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ናት። ቅጂም የተለየ ሥራም ስለሚኖር ስሌቱን እንደ ሒሳብ መዝገብ አትውሰዱት፤ ግን አቅጣጫውን በደንብ ያሳያል። እንጀራቸው ትንሿ ሸራ ላይ ነበር። በእንግሊዝ ልማድ ይህች ሸራ 76 በ63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ የ10 ፓውንዱ ደግሞ 127 በ102 አካባቢ ነው። ዋጋው እጥፍ፣ ስፋቱ ግን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ፤ በዚያ ላይ ሁለት እጅ፣ ቀሚስና የኋላ ትይዩ ይጨመርበታል። ነጋዴ የሆነ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በባልየው ደብተር ነው። ቻርልስ በየዓመቱ በታተመ የኮከብ ቆጣሪ አልማናክ (የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ) ገጾች መካከል የዕለት ውሎውን ይጽፍ ነበር። ማን እንደተቀመጠ፣ ስንተኛው መቀመጡ እንደሆነ፣ ማን እንደከፈለ፣ ሸራና ቀለም በስንት እንደተገዛ። እሷን የሚጠራት «ውድ ልቤ» እያለ ነው። «ውድ ልቤ ዛሬ የእገሌን ፊት ለሁለተኛ ጊዜ ሠራች» ዓይነት መስመር በብዛት ታገኛላችሁ። ብዙ ደብተሮች ነበሩ፤ ሙሉ ሆነው የቀሩልን ሁለት ብቻ ናቸው። የ1677ቱ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት፣ የ1681ዱ ለንደን ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ውስጥ ይገኛሉ።

ኦቫል_ቤት

ደብተር ያልነገረውን ሥዕሉ ይናገራል። የ1670ዎቹን ሥራዎቿን ደርድራችሁ እዩ። ብዙዎቹ ላይ ሰውየው ድንጋይ ተፈልፍሎ በተሠራ በሚመስል እንቁላል ቅርጽ መስኮት ውስጥ ነው ያለው፤ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ፍራፍሬ አለበት። ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ክፍፍል ነው። ድንጋዩን የሚሠሩት ልጆቿ ነበሩ፤ አባትየውም ለዚሁ ይከፍላቸው ነበር። በ1677 በርተሎሜው 21፣ ቻርልስ 17 ዓመት ገደማ ናቸው።

በልኬት ልያሳያችሁ። 76 በ63 ሸራ ላይ ቁመቱ 68፣ ስፋቱ 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኦቫል ብናወጣ፣ ኦቫሉ ከሸራው 61 በመቶ ገደማ ይይዛል። የቀረው 39 በመቶ ድንጋይ ነው። እናትየው ፊት ሳትነካ ልጅ ሊሠራው ይችላል፤ ቀድሞም ተሠርቶ ሊቀመጥ ይችላል። በዚያ ላይ እጅ የለም። እጅ ደግሞ የፊትን ያህል ሰዓት እንደሚበላ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል።

መሥራት ለምትፈልጉ፣ ኦቫሉን በእጅ አትገምቱ። የሸራውን መካከል ምልክት አድርጉ፤ ከመካከሉ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 20 ወደ ታች ሁለት ነጥብ አውጡ። ሸራው ላይ ምስማር ስለማይመታ በልኩ የተቆረጠ ካርቶን ላይ ሥሩትና ቅዱት። ዙሪያው 108 ሴንቲ ሜትር የሆነ የታሰረ ክር ሁለቱ ምስማሮች ላይ አጥልቃችሁ በእርሳስ እየወጠራችሁ ብትዞሩ ልክ 68 በ55 ይወጣላችኋል። ክሩ የማይለጠጥ ይሁን፤ የስፌት ክር ሳይሆን የሰም ክር።

ድንጋዩ በአምበር (ቡናማ የአፈር ቀለም ነው)፣ በጥቁርና በነጭ ይወጣል። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው በብርሃኑ ነው። ፊቱ ላይ ብርሃን ከላይ ከግራ ከመጣ፣ የመስኮቱ የውስጥ ጠርዝ በግራና በላይ በኩል *ጨለማ* ነው፤ ብርሃን የሚያርፈው ተቃራኒው፣ ታች ቀኙ ላይ ነው። ይህን ካዛባችሁት መስኮቱ ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ እንደ ሳህን ጠርዝ ወደ ውጭ ያብጣል፤ ሰውየውም ሳህን ላይ የተቀመጠ ይመስላል።

ብሩሽ_አጣቢ

ሳህኑ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ 😂 እንደዚያ ዓይነት ስንቱን አይተናል!

ጆንያና_ሙጫ

ስለ ሸራው ማንም አላነሳም። የዚህ ቤት ትልቁ ቁጠባ እዚያ ነው። ቢሎች የተዘጋጀ ሸራ በመግዛት ብቻ አልኖሩም። በጆንያ፣ በፍራሽ ጨርቅ፣ እንዲያውም በሽንኩርት ጆንያ ላይ ሞክረዋል። አዎ፣ የሽንኩርት ጆንያ። የማዘጋጀቱ ሥራ የቻርልስ ነው።

ለምን ያዋጣል? ጆንያ ክሩ ወፍራም፣ ሽመናው ክፍት ነው። ጥርሱ ቀለም ይይዛል፤ ብሩሹ ሲያልፍበት ቀለሙ በክሩ ራስ ላይ ስለሚቀር በአንድ ማለፍ ሕይወት ያለው ቆዳ ይወጣል። ለፈጣን እጅ ይመቻል። ጣጣው ደግሞ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ክፍት ሽመና ሙጫም መሠረትም (ከሥዕሉ በፊት የሚቀባው ንጣፍ) ይጠጣል። የቆዳ ሙጫ በአንድ ሊትር ውሃ 70 ግራም ገደማ አድርጉ፤ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፣ በማግስቱ ውሃ ላይ በተጣደ ዕቃ አሙቁት እንጂ አታፍሉት። ከፈላ ኃይሉን ያጣል። ሙጫው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ እንደ ጄሊ ሲይዝ በሰፊ ቢላ ቀዳዳው ላይ ጎትቱት። ትኩሱን በብሩሽ ካፈሰሳችሁበት ወደ ኋላ አልፎ ከጀርባ ይንጠባጠባል፤ ዘይቱም ተከትሎት ጨርቁን ያቃጥለዋል።

ሁለተኛ፣ ሙጫ በዝቶ የተቀባ ሸራ የአየሩ እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ይወጠራል፣ ይላላል። ከላይ ያለው የዘይት ቀለም እያረጀ ሲደርቅ አብሮት መሄድ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት ይሻላል።

ሦስተኛው የዛሬ ማስጠንቀቂያ ነው። የዚያ ዘመን ጆንያ ሄምፕ ወይም ተልባ ክር ነበር። የዛሬው ጆንያ ጁት ነው፤ ጁት በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ይቡናላል፣ ይሰባበራል። የዛሬው የሽንኩርት ጆንያማ ፕላስቲክ መረብ ነው፤ ሙጫም ቀለምም አይዘውም። «ሜሪ ቢል አድርጋዋለች» ብሎ መርካቶ የሚሄድ ካለ ወጪውን ይቆጥብ። ሻካራ ተልባ ሸራ ግዙ።

ሸራ_ወጣሪ

ጆንያና ሙጫ፣ እጅህ ይባረክ። በነካ እጅህ፣ እነዚህ የጆንያ ሥራዎች ለደንበኛ የተሸጡ ናቸው ወይስ ለልምምድ?

የድሮ_ደብተር

እኔ ልመልስ፤ ደብተሩ ውስጥ ስላለ ነው። በ1681 ትእዛዝ ቀንሶ ነበር። እሷ ያንን ጊዜ «ለጥናትና ለመሻሻል» በሚል የቤተሰቡን አባላትና በቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችን ትሥል ጀመር። የስቱዲዮ ረዳቷ የኬት ትሪዮሽ ዘመድ ሳትሆን የማትቀረውን ሞል ትሪዮሽን ጨምሮ ማለት ነው። ርካሽ ጨርቅና ርካሽ ቀለም በብዛት የተፈተነው እዚያ ላይ ነው። ደንበኛ የከፈለበትን ሸራ የሙከራ መስክ አላደረጉትም። ልብ በሉ፣ ይህች ሴት ያኔ ዕድሜዋ 48 ነው፤ የተዋጣላት ሠዓሊ ነች፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን ዋጋ ከመስበር ይልቅ ወደ ልምምድ ተመለሰች። ለእኔ ከ1677ቱ ቁጥር ይልቅ የሚያስገርመው ይሄ ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ነፃ እጅ የቀደመውን ማየት ለሚፈልግ፣ ቴት ብሪተን በ1660 አካባቢ የሠራችው የበርተሎሜው ንድፍ አለ። ወረቀት ላይ በዘይት የተሠራ የሕፃን ራስ ነው። ለማንም ያልተሸጠ፣ የእናት ዓይን ያለበት ሥራ ነው። በ5 ፓውንድ ከሠራቻቸው የቄስ ደንበኞቿ ሥዕሎች አጠገብ ሲቀመጥ የሁለት ሰው እጅ ይመስላል።

ቀለም_ቀማሚ

ወደ ቀለሙ ልግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በዚህ ዘመን በተሠሩ የቁም ሥዕሎች ላይ የሚታየው «የገረጣ» ፊት ሁልጊዜ የሠዓሊው ምርጫ አይደለም፤ ቀለሙ ሸሽቶ ነው።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የፊት ቆዳ የሚሠራው በእርሳስ ነጭ (ከእርሳስ ብረት የሚሠራ ነጭ ቀለም)፣ በኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም)፣ በቨርሚሊየን (ደማቅ ቀይ)፣ በሌክ ቀይና በትንሽ ጥቁር ነው። ሌክ ማለት ከነፍሳት፣ ከሥር ወይም ከእንጨት የተጨመቀ ማቅለሚያ በአሉም (ቀለም የሚያስይዝ ማዕድናዊ ጨው) ላይ ታስሮ ዱቄት ሲሆን ነው። ጉንጭና ከንፈር ላይ ስስ ሆኖ ሲደረብ ውበቱ ልዩ ነው፤ ግን ብርሃን ይበላዋል። ነጩ ይቀራል፣ ቨርሚሊየኑ ይቀራል፣ የጉንጩ ለስላሳ ቀይ ይሄዳል።

ቻርልስ ሌክ ራሱ ያመርት ነበር። ለቤታቸው ብቻ አይደለም፤ ለሌሎች ሠዓሊዎችም ያቀርባል። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ፒተር ሌሊም ከእሱ ቀለም ይወስድ ነበር፤ ልውውጡ አንዳንዴ በገንዘብ ሳይሆን በሥዕል ነው።

አሠራሩን ማየት ለሚፈልግ፣ «ማደር» ከሚባለው ተክል ሥር የሚሠራው ቀላሉ ነው። 10 ግራም የተፈጨ የማደር ሥር በግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ ሌሊቱን አሳድሩ። በማግስቱ እስከ 70 ዲግሪ አሙቁ፤ ከዚያ ካለፈ ቡናማው ማቅለሚያ አብሮ ይወጣና ቀዩን ያደበዝዘዋል። በጨርቅ አጥልሉ። 5 ግራም አሉም አሟሙታችሁ ጨምሩ። ከዚያ 2 ግራም ገደማ ፖታሲየም ካርቦኔት (ፖታሽ) በውሃ አሟሙታችሁ *በጠብታ* አስገቡ፤ በአንዴ ከደፋችሁት አረፋው ከዕቃው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነው የምታገኙት። ዱቄቱ ይዘቅጣል። የላይኛውን ውሃ እየደፋችሁ ሦስት አራት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ጨው ሳይታጠብ ከቀረ፣ ቆይቶ ቀለሙ ላይ ነጭ አበባ ይወጣል። ፖታሹ ከበዛ ደግሞ ቀዩ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። አጥልላችሁ በጥላ ሥር አድርቁት።

ሌክ በዘይት ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቅ። አምበር በተቃራኒው ፈጣን ነው። እንግዲህ ለፈጣን ስቱዲዮ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል፤ የመጀመሪያው ድርብ በአምበርና በእርሳስ ነጭ ይጣላል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሌኩ መጨረሻ ላይ በስሱ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው፣ ከላይ ያለው ቀድሞ ደርቆ ከታች ያለው ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቅበታል።

ሰማያዊ ላይ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። አልትራማሪን ከላፒስ ላዙሊ ስለሚወጣ ዋጋው የትየለሌ ነበር። ርካሹ ምትክ ስማልት ነው፤ የተፈጨ የኮባልት ብርጭቆ። በዘይት ውስጥ ፖታሲየሙ ወደ ዘይቱ ይፈልስና ሰማያዊው ግራጫ ይሆናል። ከዚያ ዘመን ሥዕል ላይ ግራጫ ቀሚስ ስታዩ «ሐዘን ላይ ነች» ከማለታችሁ በፊት ቆም በሉ።

እውነቱን_ተናገር

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ትንሽ ልቃወም። ሸራውን ያዘጋጀው ባል፣ ቀለሙን የሠራው ባል፣ ድንጋዩን የሣሉት ልጆች። አቀማመጡ ደግሞ ከሌሊ የተቀዳ ነው። ታዲያ የእሷ ምኑ ነው?

ኦቫል_ቤት

ፊቱ። ደንበኛ 5 ፓውንድ የሚከፍለው ለፊቱ ነው።

የድሮ_ደብተር

እውነቱን ተናገር፣ ጥያቄህን በሌሊ ላይ አዙረህ ጠይቀው እስቲ። ሌሊ ፊቱን ይሠራል፣ ቀሚሱን ረዳቶቹ ይጨርሳሉ፤ አቀማመጦቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር፣ ደንበኛ ቁጥር መርጦ ይቀመጥ ነበር። ከ1671 ጀምሮ ለራስ 20፣ እስከ ጉልበት ለሚደርሰው 30፣ ለሙሉ ቁመት 60 ፓውንድ ያስከፍላል። «የሌሊ ምኑ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። ስቱዲዮ ማለት ያኔ እንዲህ ነበር፤ የቢሎች ልዩነት ረዳቶቹ የቤት ልጆች መሆናቸውና አለቃዋ እናት መሆኗ ነው።

ስለ ባልየው ግን አንድ ነገር ልክ ነህ፤ ያለ እሱ 83 አይወጣም። ቻርልስ በመንግሥት የፓተንት ጽሕፈት ቤት ምክትል ጸሐፊ ነበር። ያ ሥራ አስተማማኝ መሆኑ ሲያከትምና በ1665 ለንደን ላይ ወረርሽኙ ሲመጣ ሐምፕሸር ውስጥ ኦልብሩክ ወደሚባል የእርሻ ቤት ተሰደዱ። አምስት ዓመት ያህል እዚያ ቆዩ። ሲመለሱ ሚናው ተቀያየረ፤ እሷ ገቢ ታመጣለች፣ እሱ ቢሮውን ይመራል። በዚያን ጊዜ ሕግ የሚስት ገቢ የባል ነው፤ ስለዚህ መዝገቡ በእሱ እጅ መጻፉ ብርቅ አይደለም። ብርቁ ነገር መዝገቡ ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ የእሷ መሆኑን በየገጹ መመስከሩ ነው።

ከገቢው አሥራት ያወጡ ነበር፤ ለድሆች። ከ429 ፓውንድ 43 ገደማ ማለት ነው። በራስ ሥዕል ብናስበው፣ በዓመት ስምንት ሥዕል ያህል ለምጽዋት ተሠራ።

ጥላ_ብርሃን

ሌሊን «ቀዳች» የሚለው ላይ ልጨምር። ቅጂ መሥራት ያኔ እንደ ስርቆት አይታይም፤ ራሱን የቻለ ገበያ ነው። የሌሊን ሥዕል የወደደ ግን 20 ፓውንድ የከበደው ሰው አነስ ያለ ቅጂ ከእሷ ያዝዛል። ሌሊ ይህን ያውቃል። ቤታቸው መጥቶ ቅጂዎቿን አይቶ እንዳመሰገነ ደብተሩ ይመሰክራል፤ ሲሠራ ቆማ እንድታየውም ፈቅዶላታል። የዚያ ዘመን ሠዓሊ የእጁን ምሥጢር ለተወዳዳሪ የሚያሳይበት ምክንያት ጥቂት ነው። እኔ የምገምተው፣ የእሷ ደንበኞች የሌሊን ገበያ ስለማይነኩ ነው። እሱ ጋ የቤተ መንግሥት እመቤቶች፣ እሷ ጋ ቄሶች፣ የሕግ ሰዎችና ምሁራን። በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ጆን ቲሎትሰን፣ ኤድዋርድ ስቲሊንግፍሊት፣ ከሮያል ሶሳይቲ (የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር) መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ዊልኪንስ፤ ሁሉም ተቀምጠውላታል።

ይህ ሁሉ ሰው ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። ብዙዎቹ የቤቱ ወዳጆች ነበሩ። ኦልብሩክ ሳለች ስለ ወዳጅነት ድርሰት ጽፋለች፤ በእነዚያ ዓመታት ወዳጆቿን በነፃ ትሥል ነበር። ፓል ማል ላይ በሯን ስትከፍት ሥራዋ ቀድሞ በየሰዉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያ የምንለው ይኸው ነው።

እውነቱን_ተናገር

እሺ፣ የሌሊው ነገር አሳመነኝ። ስለ ፊቱ ግን የምሰጠው ሐሳብ አለ፤ የሴቶቹ ፊት እርስ በርስ ይመሳሰላል። የወንዶቹ ይሻላል።

ጥላ_ብርሃን

በዚህ እስማማለሁ። ሴቶቹ ላይ የሌሊ የተኛ ዓይን ፋሽን ተጭኗታል። ቄስ ግን እንቅልፋም ዓይን አያዝዝም።

አዲስ_ሞካሪ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትምህርት ነው ያገኘሁት። ስለ መቀመጡ ራሱ ልጠይቅ። ሦስት መቀመጥ ካለ በእያንዳንዱ ምን ይሠራል? ስንት ሰዓት? ፎቶ ሳይኖር ደንበኛን እንዴት ይዞ ማቆየት ይቻላል?

ቀለም_ቀማሚ

እህቴ (ወይም ወንድሜ)፣ የዘመኑ አካሄድ በግምት ይህ ነው። በመጀመሪያው መቀመጥ የፊቱ ቅርጽ በደበዘዙ የአፈር ቀለሞች ይጣላል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ፣ ቀይ የለም ማለት ይቻላል። በሁለተኛው፣ ከደረቀ በኋላ፣ እውነተኛው የቆዳ ቀለም በሙሉ ውፍረቱ ይገባል፤ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ የሚወሰኑት እዚህ ነው። በሦስተኛው የሚሠራው መጨረሻው ነው፤ የዓይን ብልጭታ፣ የከንፈር ሌክ፣ የፀጉር ጫፍ። በመካከላቸው ልብሱና ድንጋዩ ደንበኛው ሳይኖር ይሠራል።

በመጀመሪያው ቀን ዝርዝር ውስጥ መግባት ትልቁ ጥፋት ነው። ዓይንን አሳምረሽ ጨርሰሽ በሁለተኛው ቀን ራሱ አንድ ጣት ወደ ግራ መሆኑን ታገኚዋለሽ፤ ያሳመርሽውን ለመፋቅ ደግሞ ልብ አይፈቅድም። ብዙ ጠማማ ፊት የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥላ_ብርሃን

ስለ ደንበኛ አያያዝ የተሻለ ምንጭ ሌላዋ ሴት ናት፤ መቶ ዓመት ቆይታ የመጣችው ቪዤ ለብረን። በትዝታዋ መጽሐፍ ላይ የቁም ሥዕል ምክሮችን አክላለች። የተቀማጩ ወንበር ከፍ ይበል፣ ሴቶች ጀርባቸውን የሚደግፉበትና እግራቸውን የሚያሳርፉበት ነገር ይኑራቸው ትላለች። ደንበኛ ከመምጣቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ዝግጁ መሆን ያስፈልጋል፤ ሐሳብን ለመሰብሰብ። ራሱ በሦስት ወይም በአራት መቀመጥ ያልቃል፤ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት። ከዚያ ካለፈ ተቀማጩ ይሰለቻል፤ መሰላቸቱም ፊቱ ላይ ይወጣል፣ አንቺም የምትሥዪው መሰላቸቱን ይሆናል። ከኋላሽ መስተዋት አቁመሽ ተቀማጩንና ሥዕሉን አንድ ላይ እያየሽ ብታወዳድሪ ስሕተት ወዲያው ይጋለጣል። ይህች የመስተዋት ዘዴ ዛሬም ትሠራለች፤ ዓይን የለመደውን ጠማማ መስተዋቱ አዲስ አድርጎ ያሳያል።

አዲስ_ሞካሪ

ጥላ ብርሃን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህት ነኝ 😊 እሷስ ራሷ፣ ሜሪ ቢል፣ የጻፈችው የአሠራር መመሪያ የለም?

የድሮ_ደብተር

አለ፣ ግን አጭር ነው። በ1663 የጻፈችው ስለ አፕሪኮት ፍሬ አሳሳል ነው። ከቻርልስ የቀለም ሙከራዎች መዝገብ ጋር ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። ሴት ሠዓሊ በእንግሊዝኛ ስለ ሙያዋ የጻፈችው ቀደምት መመሪያ ተብሎ ይጠቀሳል። ስለ ፊት ቢሆን ኖሮ ስንል ቀረን እንጂ! ደግሞ አፕሪኮት ቀላል አይደለም፤ አንዱ ጉንጩ ቢጫ፣ ሌላው ቀይ፣ ላዩ ቡቃያ ጸጉር የለበሰ ነው። ያንን የቻለ የልጅ ጉንጭ ይችላል።

ኦቫል_ቤት

እንግዲህ አንዱ «የቢል ሥራ ነው» ብሎ ምስል ቢያመጣ እንዴት እንለያለን? ድንጋይ ኦቫል ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ሌሎችም ይሠሩት ነበር። ፍራፍሬ የተቀረጸበት ድንጋይ፣ ሞቅ ያለ ቡናማ የቆዳ ጥላ፣ ሻካራ ጨርቅ፣ ቁጥብ ልብስ፤ አራቱ ሲገናኙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲያም ሆኖ ተማሪዋ ሣራ ከርቲስ ከዚያው ቤት የወጣች ስለሆነች እጃቸው ይቀራረባል።

ዋናውን ማየት ለሚችል፣ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ያለውን በ1660ዎቹ አጋማሽ የሠራችውን የራሷን ሥዕል ይመልከት። 109 በ88 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፓሌቷ (የቀለም መቀላቀያ ሰሌዳዋ) ከኋላ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በእጇ የያዘችው ብሩሽ ሳይሆን የሁለቱ ልጆቿ ፊት የተነደፈበት ያልተጨረሰ ሸራ ነው። ገና ፓል ማል ሳትገባ፣ የቤቱ ስቱዲዮ ሠራተኞች እነማን እንደሚሆኑ አስቀድማ ያሳየች ይመስላል። ሌሎች ብዙ ሥራዎቿ ደግሞ እዚያው በተወለደችበት ሰፎክ፣ በሪ ሴንት ኤድመንድስ ሞይዚስ ሆል ሙዚየም ይገኛሉ። መቃብሯ ፒካዲሊ ሴንት ጄምስ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጠፍቷል።

ብሩሽ_አጣቢ

ለጆንያና ሙጫ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሻካራ ሸራ ላይ ጥላው ሲደርቅ እየደበዘዘ፣ እንደ አመድ ሆኖ ይቀራል። ቫርኒሽ ልምታበት?

ጆንያና_ሙጫ

ገና ነው፣ አትቸኩል። ያ የሆነው መሠረቱ ዘይቱን ስለጠጣው ነው፤ አምበርና ጥቁር ላይ ይብሳል። መጀመሪያ በትክክል መድረቁን አረጋግጥ፤ በጣት ስትነካው የማይጣበቅ ይሁን። ከዚያ ተልባ ዘይትና ተርፐንታይን እኩል ለእኩል ቀላቅል፣ በንጹሕ ጨርቅ የደበዘዘው ቦታ ላይ ብቻ በጣም ስስ አድርገህ እሸው፣ አሥር ደቂቃ ቆይተህ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ዘይት ተርፎ ከቀረ በዓመታት ውስጥ ቢጫ ንጣፍ ይሆናል። ጨርቁን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጠቅልለህ አትጣል፤ ተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ በራሱ ግሎ እሳት ይነሳል። ውሃ ውስጥ ንከረው ወይም ዘርግተህ ውጭ አድርቀው። ቫርኒሹ ከስድስት ወር በኋላ ይድረስ።